አንድ ኪሎ ስኳር ስንት ውሃ ይጠጣል? ከዋጋው በፊት ቦዩን እንይ



ስለ ስኳር ዋጋ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ ዓይናችን ውጭ ነው። ኒውዮርክ ላይ ጥሬ ስኳር በፓውንድ ስንት ሳንቲም ዋለ? ህንድ ወደ ውጭ መላክ ፈቀደች ወይስ ዘጋች? ብራዚል አገዳዋን ወደ ኢታኖል አዞረች ወይስ ወደ ስኳር? ጅቡቲ የደረሰው ጭነት መቼ ይነሳል? ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው፣ ነገም እንጠይቃቸዋለን። ዛሬ ግን ወደ ማሳ እንውረድ። አንድ ኪሎ የአገር ውስጥ ስኳር ስንት ውሃ ይጠጣል? የውሃውንስ ሂሳብ ማን ይከፍላል?

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የአገር ውስጥ ስኳር ርካሽ ወይም ውድ መሆኑ ፋብሪካው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ቦዩ ውስጥ አልቋል። አገዳው እንዴት ተተከለ፣ እንዴት ጠጣ፣ መቼ ውሃ ተከለከለ፣ በስንት ወሩ ተቆረጠ? ዋጋውን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። እኛ ግን እስከ ዛሬ የምንለካው "በሄክታር ስንት ኩንታል ወጣ?" እያልን ነው። ይህ መለኪያ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላው ግማሽ "በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ኪሎ ስኳር ወጣ?" የሚለው ነው። የገበሬው ውልና ክፍያ በዚህ ካልተቃኘ፣ የፈለገው ዘመናዊ የመስኖ ዕቃ ቢገዛ ጥቅሙ ገበሬው እጅ አይገባም።

▪️ ለምን አሁን?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ላይ ጥሬ ስኳር በፓውንድ 28 ሳንቲም ገደማ ደርሶ ነበር። በ12 ዓመት ውስጥ ያልታየ ዋጋ ነው፤ በቶን ሲመነዘር ከ600 ዶላር በላይ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ። የወረደው ግን በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ አስመጪው የሚቆጥረው ብር ሌላ ነው። የዓለም ገበያ የሰጠንን ቅናሽ ምንዛሪው መልሶ ወሰደው።

የአገር ውስጥ ምርትስ? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 ዓ.ም. በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር እናመርታለን ተብሎ ነበር። ከፍላጎታችን ተርፎ ለውጭ ገበያ ሊቀርብ ማለት ነው። የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዛሬም ስኳር እናስገባለን። ለዚህ ብዙ ምክንያት ተነግሯል፦ የፋብሪካ ግንባታ መጓተት፣ የብድር ጫና፣ የመለዋወጫ እጥረት፣ ጸጥታ። ሁሉም እውነት ነው። ከማሳው የሚመጣው ምክንያት ግን ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚነሳው፣ ከተነሳም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ላክል፦ በጣና በለስ ፋብሪካው ሳይደርስ አገዳው ደርሶ ያለ ጥቅም መቅረቱ በይፋ የተነገረ ነገር ነው። በዚያ አገዳ ውስጥ የባከነው ገንዘብ ተቆጠረ፤ ውሃው ግን ከነጭራሹ አልተቆጠረም።

▪️ ስሌቱን እንሥራ

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደሚለው ሸንኮራ አገዳ በአንድ የዕድገት ዘመኑ ከ1,500 እስከ 2,500 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ ፍላጎቱ በሄክታር ከ15,000 እስከ 25,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስንዴ በአንድ ወቅት የሚፈልገው ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ነው። እህል ለምትነግዱ ወዳጆቻችን በአጭሩ፦ አንድ ሄክታር አገዳ የሚጠጣው ውሃ ሦስትና አራት ሄክታር ስንዴ ያደርሳል። የበጋ መስኖ ስንዴ በተስፋፋበት በአዋሽ ተፋሰስ ይህ ቀልድ አይደለም።

የውሃው ከፊሉ ከሰማይ ይመጣል። እዚህ ላይ ግን ፋብሪካዎቻችን እኩል አይደሉም። ፊንጫኣ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ወንጂ 800 ገደማ፤ መተሃራ 550 ገደማ። "እገሌ ፋብሪካ ከእገሌ የተሻለ ምርት አለው" የሚል ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ ዝናቡን ጠይቁ። መተሃራ ላይ የወጣ አንድ ኩንታል አገዳ እና ፊንጫኣ ላይ የወጣ አንድ ኩንታል አገዳ ከወንዝ የወሰዱት ውሃ አንድ አይደለም።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ማሳ እንውሰድ። ዝናቡ ተቀንሶ ተክሉ ከመስኖ የሚፈልገው 12,000 ሜትር ኩብ ነው እንበል። ከቦዩ የሚለቀቀው ሁሉ ግን ሥሩ ጋ አይደርስም። በፋኦ የተለመደ መመዘኛ የቦይ መስኖ 60 በመቶ፣ ስፕሪንክለር 75 በመቶ፣ ጠብታ 90 በመቶ ያደርሳሉ። ስለዚህ፦

በቦይ — 20,000 ሜትር ኩብ መልቀቅ አለባችሁ።
በስፕሪንክለር — 16,000።
በጠብታ — 13,300 ገደማ።

ማሳው 100 ቶን አገዳ ሰጠ፣ ፋብሪካው ከመቶው 10 ስኳር አወጣ ብንል 10 ቶን ስኳር ነው። በቦይ መስኖ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ግማሽ ኪሎ ስኳር ሰጠ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ስኳር 2,000 ሊትር ጠጣ! በጠብታ ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ 750 ግራም ይሰጥ ነበር።

እስቲ ዋጋውን እንጨምርበት። ከውጭ የሚመጣ ስኳር እዚህ እስኪደርስ በቶን 500 ዶላር ወጣበት፣ ዶላሩን ደግሞ በ140 ብር አስቡት (ለስሌት ብቻ ነው)። ኪሎው 70 ብር መጣ። ግማሽ ኪሎ ስኳር የሰጠው ሜትር ኩብ ውሃ 35 ብር የሚያወጣ ስኳር ሰጥቷል ማለት ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ለብዙ ዓመታት የመስኖ ውሃ ይከፈልበት የነበረው ታሪፍ ስንት ነበር? ለ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር። ለአንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ሳንቲም ሲሶ በታች ነው! ከላይ ላልነው ሄክታር የዓመት የውሃ ሂሳብ 60 ብር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ውሃ የሚቆጥብ ሰው ካለ ለጽድቅ ብሎ ነው እንጂ ለትርፍ አይደለም።

▪️ የሄክታር ምርት እንዴት ያታልላል?

ሌላ ወጥመድ አለ። አገዳ እንደ ጤፍ በአንድ ወቅት ተዘርቶ የሚታጨድ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ማሳው ላይ ከአንድ ዓመት በላይ፣ አንዳንዴ ወደ ሁለት ዓመት የሚቆይ አገዳ አለ። ስለዚህ "በሄክታር 160 ቶን" የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

አንዱ ማሳ በ20 ወሩ 160 ቶን ሰጠ፤ በወር 8 ቶን ነው። ሌላው በ13 ወሩ 120 ቶን ሰጠ፤ በወር 9.2 ቶን ነው። በሪፖርት ላይ የሚጨበጨብለት የመጀመሪያው ነው። መሬትና ውሃ በደንብ የሠራው ግን ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ተጨማሪ ሰባት ወር ሲጠጣ ከርሟል። ፋብሪካ ተበላሽቶ ወይም ተራ ሳይደርስ ቀርቶ አገዳ ከዕድሜው ሲያልፍ ደግሞ ስኳሩ ይቀንሳል፣ ይወድቃል፣ ይነቅዛል፣ ውሃው ግን እንደቀጠለ ነው። ዩኒየኖች ከፋብሪካ ጋር ስትነጋገሩ ቁጥሩን በወር ከፍላችሁ ጠይቁ። በዚህ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይጠራል።

▪️ አተካከሉ ላይ የሚጠፋው ውሃ

ብዙ ሰው ውሃ ቆጣቢነት ሲባል የሚታየው ቧንቧ ነው። ቁጠባው የሚጀምረው ግን ዘሩ ሲቀበር ነው።

አንድ ማሳ ላይ ከመቶ 15 እጁ ክፍት ቦታ ነው እንበል፤ ዘሩ ሳይበቅል የቀረበት። ቦዩ ግን ክፍቱንም ሙሉውንም እኩል ያጠጣል። ውሃው ሳይቀንስ ምርቱ ወደ 85 ወረደ፣ ለአንድ ቶን የሚወጣው ውሃ በ18 በመቶ ገደማ ጨመረ። ይህን ለማስተካከል የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ጤነኛ ዘር፣ በወቅቱ መትከል እና ክፍቱን ቶሎ መሙላት ነው የሚያስፈልገው። ዘር አገዳን በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቅ ውሃ ለሁለት ሰዓት ነክሮ ማከም የቆየና የታወቀ ዘዴ ነው፤ ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፈውን፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን አገዳ የሚያጫጨውን በሽታ ይቀንሳል። ጉቶው ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፣ እንደገና ለመትከልና አዲሱን ለማብቀል የሚወጣው ውሃና ወጪ ይቀራል።

የእኛ የተለመደ አተካከል ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ዓይን ቁራጭ ቦዩ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ አጋድሞ መቅበር ነው። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት በብዛት 1.45 ሜትር ነው። ህንዶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚያስፋፉት ሌላ መንገድ አለ። አንዲት ዓይን ብቻ ከአገዳው ተፍቃ ወጥታ ችግኝ ጣቢያ ትገባለች፤ ከ25 እስከ 35 ቀን ሲሞላት ወደ ማሳ ትዛወራለች፤ መስመሩም ይሰፋል። በድሮው አተካከል በሄክታር ወደ 40,000 ባለ ሦስት ዓይን ቁራጭ ይቀበራል፤ በአዲሱ 12,500 ገደማ ችግኝ ይበቃል።

የቁጠባው ምስጢር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለዘር የሚቀበረው አገዳ ስኳር የሚወጣው አገዳ ስለሆነ፣ የተረፈው ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ወር ውሃ ሙሉ ሄክታር ላይ ከመፍሰስ ይልቅ ትንሽ ችግኝ ጣቢያ ላይ ይወሰናል። ሦስተኛ፣ የበቀለውን ብቻ መርጣችሁ ስለምትተክሉ ክፍት ቦታ ይቀንሳል።

ለላኪዎች የሚሆን አንድ ነገር ደግሞ አለ። መስመሩ ሲሰፋ አገዳው እስኪከደን ባሉት ሦስትና አራት ወራት መሃሉ ላይ ሌላ ሰብል ይገባል። ወንጂ ያለው ቦሎቄ በደንብ በሚታወቅበት በአዳማ አካባቢ ነው፤ ቦሎቄ ደግሞ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። አገዳ አብቃዩ ገበሬ የመጀመሪያውን ገንዘብ ከአንድ ዓመት በላይ ከሚጠብቅ በሦስተኛው ወር ቦሎቄ ሸጦ ቤቱን ይደጉማል፣ ላኪውም ምርት ያገኛል። ጥንቃቄው፦ ቦሎቄ ውሃ የተኛበት መሬት አይወድም፤ በከባድ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ በጉብታው ላይ እንጂ በቦዩ አይዘራም።

ነገር ግን የችግኙ መንገድ ለሁሉም አይሆንም። ቁራጭ ዘር የራሱን ስንቅ ይዞ ነው የሚቀበረው፤ ውሃ ጥቂት ቀን ቢዘገይበት ይታገሣል። ችግኝ ግን ስንቅ የለውም። ተዛውሮ በተተከለ ሳምንት ፓምፑ ከተበላሸ ወይም መብራት ከጠፋ ማሳው በሙሉ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃው በቀጠሮው የማይደርስበት አካባቢ ያለ ዩኒየን "ዘመናዊ ነው" ተብሎ ቢነገረውም አይቸኩል። መጀመሪያ የውሃው ቀጠሮ ይከበር፣ ችግኙ ከዚያ በኋላ።

▪️ ቧንቧ ከመግዛታችሁ በፊት

የጠብታ መስኖ ጥሩ ነው፤ ስሌቱን ከላይ አይታችኋል። ዋጋው ግን በዶላር ነው። የአዋሽ ውሃ ደለል የተሸከመ ስለሆነ ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ ቀዳዳው ይደፈናል። የሚለውጠው ፕላስቲክም እንደገና በዶላር ነው። ስፕሪንክለርም ግፊት ይፈልጋል። በፓምፕ ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 30 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ፓምፑ ከሚወስደው ኃይል 70 በመቶውን ቢጠቀም፣ 0.12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ለ16,000 ሜትር ኩብ ወደ 1,900 ኪሎ ዋት ሰዓት በሄክታር ነው። ውሃ ቆጥባችሁ መብራት ትከፍላላችሁ። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ ውል መፈረም ይቅር።

ከዚያ በፊት ርካሽ የሆኑት ነገሮች አሉ።

መሬቱን ማስተካከል፦ ቦዩ ወጣ ገባ ከሆነ ውሃው ጎድጓዳው ላይ ይተኛል፣ ጉብታው ይደርቃል። ውሃ አጠጪው ደግሞ ጉብታው እስኪርስ ብሎ ይለቃል፣ ጎድጓዳው ይሰምጣል።

አንድ ዘልሎ ማጠጣት፦ አንድ ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ቦዮች፣ በሚቀጥለው ዙር ሙሉ ቁጥሮቹን። በከባድ አፈር ላይ ውሃው ወደ ጎን ስለሚሰርግ አገዳው ከአንድ ጎኑ ይጠጣል። በደንብ ከተያዘ የውሃው ቅናሽ ከምርቱ ቅናሽ በጣም ይበልጣል።

ቅጠሉን አለማቃጠል፦ ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለው ደረቅ ቅጠል ማሳው ላይ ቢነጠፍ አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል፣ አረምም ያፍናል። ያልተቃጠለ አገዳ መቁረጥ ከባድና ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ግን የቆራጩ ክፍያ አብሮ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ማንም አይቆርጥላችሁም።

በጊዜ ውሃ መከልከል፦ ይሄ ዋናው ነው። አገዳ ከመቆረጡ በፊት እንደ አፈሩ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውሃ ሲከለከል ማደጉን ትቶ ስኳር ያከማቻል። ፋኦም አገዳ ለውሃ እጥረት በጣም ስሜታዊ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በጣም የሚታገሠው በመብሰያው ወቅት መሆኑን ይገልጻል። በመጨረሻው ወር የሚለቀቅ ውሃ ክብደት ይጨምራል፣ ስኳር ያቀጥናል። ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። የሚከፈለው በክብደት ብቻ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ማጠጣቱ ልክ ነው። ጥፋቱ የውሉ ነው።

▪️ የተረፈው ውሃ የት ሄደ?

"ከቦዩ የሰረገው ውሃ መልሶ ወንዝ ይገባል፣ ምን ይጠፋል?" የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ወንጂ ላይ የተረፈ ውሃ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይመለሳል፣ ታች ያለው ይጠቀምበታል። የሚመለሰው ግን ጨው ታጥቦበት ነው።

የማይመለሰውን ለማየት መተሃራ ሂዱ። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ለእርሻም ለከብትም አይሆንም፤ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲገፋ ኖሯል። ለመስፋፋቱ የከርሰ ምድር እንቅስቃሴን የሚጠቅሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ከአካባቢው መስኖ የሚሰርገው ውሃም ከሚጠቀሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል ጨው ይዞ ወደ አገዳው ሥር ይወጣል፣ ምርት ይወርዳል። ምርቱ ሲወርድ ደግሞ "ውሃ አንሶት ነው" ተብሎ ይጨመርለታል። እንዲህ እያልን ነው በገዛ ውሃችን መሬታችንን የምናሳጣው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ትርፍ ውሃን የሚያወጣ የማፍሰሻ ቦይ መጥረግ ከጠብታ መስኖ ይቀድማል።

አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ጉዞው አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ላይ የባከነው ታች ካለው የአፋር አርብቶ አደርና አርሶ አደር ድርሻ ነው የሚቀነሰው።

▪️ የህንድ ትምህርት

የህንድን የስኳር ገበያ ሁላችንም እንከታተላለን፤ ውሃዋን ግን አንከታተልም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2016 በማሃራሽትራ ግዛት ላቱር የምትባል ከተማ የሚጠጣ ውሃ አልቆባት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በባቡር ተጫነላት። በዙሪያዋ ያለው አገዳ የሚበቅልበት አካባቢ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግዛቲቱ ለአገዳ የጠብታ መስኖ ግዴታ እንዲሆን ወሰነች።

ጠብታው ብቻውን ግን አያድንም። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት በብዙ አገሮች የታየው ነገር ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ድርሻ ካልተወሰነና ካልተለካ፣ ቆጣቢ መሣሪያ የገባበት አካባቢ ጠቅላላ ፍጆታው ብዙ ጊዜ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ገበሬው በተረፈው ውሃ ተጨማሪ ሄክታር ይተክላላ! እኔም ብሆን እተክላለሁ። ስለዚህ መለኪያና ድርሻ የሌለው የጠብታ ፕሮጀክት የአገዳ ማስፋፊያ ፕሮጀክት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

ከህንድ የሚወሰድ ጥሩ ነገርም አለ። መንግሥት የሚያወጣው ዝቅተኛው የአገዳ ዋጋ ከስኳር ምጣኔ ጋር የታሰረ ነው። ለ2025–26 የምርት ዘመን በኩንታል 355 ሩፒ የተባለው ከመቶ 10.25 ስኳር ለሚወጣበት አገዳ ነው፤ ከዚያ በላይ ለምትገኝ ለእያንዳንዷ 0.1 በመቶ ጭማሪ አለ። ደቡብ አፍሪካ ከ2000 ጀምሮ ለገበሬው የምትከፍለው ከአገዳው ሊወጣ በሚችለው ስኳር ልክ ነው። አውስትራሊያም በስኳር ይዘት ትከፍላለች። እዚያ ያለ ገበሬ በመጨረሻው ወር ውሃ የሚዘጋው ስብከት ሰምቶ አይደለም፣ ስለሚከፈለው ነው።

▪️ "ታዲያ ለምን ከውጭ አናስገባም?"

አንዳንድ ነጋዴ ወዳጆቻችን እንዲህ ይላሉ፦ "የብራዚል ደቡባዊ መሃል አገዳውን በዋናነት በዝናብ ነው የሚያመርተው። እኛ በረሃ ላይ ወንዝ አፍስሰን ለምን እንፎካከራለን? ስንዴና አትክልት እንዝራ፣ ስኳር እንግዛ።" በውሃ ሂሳብ ብቻ ካየነው ግማሽ እውነት አላቸው። ግን ፋብሪካዎቹ ተሠርተዋል፣ ዕዳቸውም እየተከፈለ ነው፤ ሞላሰሱ፣ ኢታኖሉ፣ ከባጋሱ የሚወጣው መብራት፣ በዙሪያቸው የሚኖረው ሕዝብ አለ። ዶላር ባጣን ጊዜ ደግሞ የስኳር ሰልፉ ምን እንደሚመስል አይተነዋል።

መሃሉን መንገድ ልናገር። አዋሽ ላይ አንድም ተጨማሪ ሄክታር አገዳ አያስፈልግም። እዚያ ያለው አገዳ ግን በያዘው መሬት፣ ባነሰ ውሃ፣ የተሻለ ስኳር መስጠት ይችላል። ማስፋፋት የግድ ከሆነ እንደ ፊንጫኣ ዝናቡ ግማሹን ሸክም በሚያግዝበት ቦታ ይሁን፤ ያውም ፋብሪካው ቀድሞ ቆሞ።

▪️ ምን ይደረግ?

ለዩኒየኖችና ለአገዳ አብቃይ ማኅበራት፦ በሚቀጥለው ውል ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ክፍያው ክብደትና ስኳር ይዘት የተጣመረበት ይሁን፤ ናሙናው ሲወሰድ የማኅበሩ ተወካይ አጠገቡ ይቁም። በፋብሪካው ሰው ብቻ የተለካ ስኳር ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ሁለተኛ፣ የመቁረጫው ቀን ቀድሞ ይታወቅ። ገበሬው ውሃ ዘግቶ ፋብሪካው በወር ከዘገየ አገዳው ይደርቃል፤ ተቆርጦ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየም ስኳሩ ይበላሻል። የመዘግየቱ ኪሳራ በዘገየው ላይ ይሁን። ሦስተኛ፣ በየማኅበሩ መግቢያ ላይ የውሃ መለኪያ ይተከል። "ሊያስከፍሉን ነው" ብላችሁ አትፍሩ፤ ያልተለካ ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀነሰው የእናንተ ነው፣ ማስረጃ የላችሁምና።

ለፋብሪካዎችና ለውሃ አስተዳዳሪዎች፦ ታሪፉ የውሃውን ዋጋ ይምሰል፤ ግን በአንድ ሌሊት አይሁን። ድርሻው ውስጥ የተጠቀመ ባነሰ፣ ከድርሻው ያለፈ በከፍተኛ ዋጋ ይክፈል። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለማፍሰሻ ቦይና ለመሬት ማስተካከያ ይዋል፤ ገበሬው ከፍሎ ካላየው ነገ አይከፍልም።

ለነጋዴዎችና ለላኪዎች፦ የአገር ውስጥ ስኳርን አቅርቦት ስትገምቱ የተተከለውን ሄክታር ብቻ አትቁጠሩ። የአገዳውን ዕድሜ፣ የማሳውን ክፍተትና የቆቃ ግድብን ውሃ አብራችሁ ጠይቁ። ብዙ ሄክታርና ብዙ ኩንታል የሚል ሪፖርት ወጥቶ ስኳር ሲጠፋ መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ቦሎቄ የምትልኩ ደግሞ ከአገዳ አብቃይ ዩኒየኖች ጋር ቁጭ በሉ፤ ዘርና ቅድሚያ ክፍያ ይዛችሁ ከቀረባችሁ በመስመሮቹ መሃል የእናንተም ድርሻ አለ።

የኒውዮርክን ዋጋ እኛ አንወስነውም። ምንዛሪውንም እያንዳንዳችን አንወስነውም። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይውጣ ወይስ ከዚያ በላይ የሚለውን ግን እዚሁ፣ ቦይ የሚጠርገው፣ ዘር የሚቆርጠውና ውል የሚፈርመው ሰው ይወስናል።

ወንጂ፣ መተሃራ፣ ፊንጫኣ፣ ከሰም አካባቢ ያላችሁ፦ በእናንተ ማሳ አገዳው በስንት ወሩ ተቆረጠ? ውሃ የተዘጋበት ከስንት ሳምንት በፊት ነው? ከታች ጻፉልን፤ የተሰበሰበውን በሚቀጥለው ሳምንት ከዋጋ ሰንጠረዡ ጋር እናወጣዋለን። ለሚመለከተው ሰው አጋሩት።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ!